የቤትን ጸጥታ የሚጠብቅ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ስለ መምረጥ

በዚህ ዘመን ብዙ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ሥራና ልጁም ትምህርቱን በቤት ውስጥ በኮምፒውተር የሚፈጽም ሆኗል። ከወጣቶቻችንም መካከል ኮምፒውተሩን ዕቃ በዕቃ ገዝተው በገዛ እጃቸው የሚገጥሙ አሉ። ሥራው መልካም ነው፤ ልጅን ትዕግሥትንና መለካትን ያስተምራልና። ዳሩ ግን ገጣሚው ስለ ፍጥነቱ አብዝቶ ሲጨነቅ፥ ስለ ድምፁ የሚያስበው ብዙ ጊዜ ከገጠመው በኋላ ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰር የሚባለውን የኮምፒውተር አንጎል የሚያበርደውን መሣሪያ እንዴት መምረጥ እንደሚገባ፥ በቤታችን ከደረሰው ነገር ጋራ አያይዘን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

የምንኖረው ከቦሌ በስተምሥራቅ፥ ገርጂ በሚባለው ሰፈር፥ ሁለት መኝታ ክፍል ብቻ ባለው ቤት ነው። የበኩር ልጃችን የሚማረው የሕንፃ ንድፍ ስለ ሆነ፥ ሥዕሉን ሌሊቱን ሙሉ የሚያሰላ ኮምፒውተር ገጠመ። አያቱ፥ ማለት እናታችን፥ የሚያድሩት ከእርሱ ጋራ በአንድ ክፍል ነው። እሳቸውም ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፥ እንቅልፋቸው የቀለለ ናቸው። በሦስተኛው ሌሊት ጠርተው፤ «ልጄ፥ ይህ ሣጥን እህል የሌለበት ወፍጮ ነው፤ ይጮኻል እንጂ የሚወርድ ዱቄት አላየሁም» አሉን። ከዚያም ወዲያ ልጁን ላለመከልከል ብለው ወደ ሳሎን ወጥተው በሶፋ ላይ ማደር ጀመሩ።

እናትን ከአልጋቸው ማስነሣት ነውር ነው፤ ልጅንም የሥራው ማስረከቢያ ቀን ሲቀርብ ማስተጓጐል ጉዳት ነው። በችሎት ተቀምጠን ከጻፍነው ከብዙው ክርክር ይልቅ ይህ ከበደን፤ ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸውና።

ነገሩን ብንመረምር፥ ጥፋቱ ከፕሮሰሰሩ ጋራ የመጣው የትንሹ ማራገቢያ ሆኖ ተገኘ። ፕሮሰሰር የሚቀበለው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል ማለት ይቻላል። ለመጠነኛ ሥራ የሚበቃው 65 ዋት ይባላል፤ ብርቱው ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ለምሳሌ ኢንቴል ኮር አይ7 13700ኬ የሚባለው 125 ዋት ተብሎ ቢጻፍበትም፥ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይደርሳል። ትንሽ ማራገቢያ ይህን ሙቀት ለማስወጣት እጅግ ፈጥኖ መዞር ግድ ይሆንበታል፤ ጩኸቱም የሚመጣው ከዚህ ፍጥነት ነው።

አንድ ማራገቢያ ዙሩ በግማሽ ቢቀነስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። 10 ዴሲቤል መውረድ ለሰው ጆሮ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ስለሚሰማ፥ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ጸጥታ የሚገኘው ትልቅ ሆኖ በዝግታ ከሚዞር ማራገቢያ ነው። ስፋቱ 120 ወይም 140 ሚሊሜትር የሆነውን፥ ባለ አራት ሽቦውንም መምረጥ ይገባል፤ አራተኛው ሽቦ ዙሩን እንደ ሙቀቱ ልክ ለማዘዝ ያገለግላልና።

ከማራገቢያው ሥር ያለውም አካል ሊታይ ይገባዋል። በመልካም ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ የያዙ የመዳብ ቧንቧዎች አሉ። አረቄ ሲወጣ ከታች የጋለው ተንኖ፥ በሚቀዘቅዝበት ስፍራ ወደ ፈሳሽነት እንደሚመለስ፥ እነዚህም ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ላይ አንሥተው ወደ ስሶቹ የአልሙኒየም ቅጠሎች ያደርሱታል። ቅጠሎቹ ብዙና ሰፊ ሲሆኑ ማራገቢያው መሮጥ አያስፈልገውም።

ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ ክብደቱ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ያው ማራገቢያ ያንኑ ያህል ቢዞር የሚሸከመው ሙቀት በዚህ አገር ያነሰ ነው። የደጋው ብርድ ጉድለቱን በከፊል ቢክስም፥ ለፕሮሰሰሩ ከተባለው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማቀዝቀዣ መግዛት ይሻላል እንላለን።

እኛ ግን ይህን ከተረዳን በኋላ በችኮላ ተሳሳትን። ትልቅ ይሁን ብለን ብቻ፥ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ቁመቱ 165 ሚሊሜትር የሆነ ማቀዝቀዣ አስመጣን። የልጁ ኬዝ የሚቀበለው ግን እስከ 160 ነበርና ክዳኑ አልዘጋ አለ። ዕቃውን ወደ መጣበት መመለስም አልተቻለም፤ እናታችንም አንድ ወር በሶፋው ላይ ቆዩ። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ የተባለውን የረሳነው እኛ ስለ ሆንን፥ የምንወቅሰው ሌላ ሰው የለም።

እንግዲህ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይመርምር። መጀመሪያ፥ ኬዙ የሚቀበለውን ቁመት። ለምሳሌ የኖክቱዋ ኤንኤች ዩ12ኤስ ቁመቱ 158፥ የተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ደግሞ 155 ሚሊሜትር ነው፤ ለጠባብ ሣጥን የተሠራው ኖክቱዋ ኤንኤች ኤል9አይ ግን 37 ብቻ ነው፤ ነገር ግን ለብርቱ ፕሮሰሰር አይበቃም። ሁለተኛ፥ ማሰሪያው ከማዘርቦርዱ ሶኬት ጋራ መስማማቱን። ሦስተኛ፥ ክብደቱን፤ ትልልቆቹ ከአንድ ኪሎግራም በላይ ስለሚሆኑ፥ ኮምፒውተሩን በመኪና ሲያጓጉዙ በጎኑ ማስተኛት ይገባል።

በውኃ የሚያቀዘቅዘውስ አይሻልምን? የሚል ይኖራል። ለእጅግ ብርቱ ፕሮሰሰር ይጠቅማል። ሆኖም ውኃውን የሚያዞረው ፓምፕ ራሱ ድምፅ አለው፤ ቢበላሽም ብዙውን ጊዜ ሙሉው ዕቃ ይለወጣል። የአየሩ ግን ማራገቢያው ቢሞት ማራገቢያውን ብቻ መለወጥ ይበቃል። ለመኝታ ቤት ይህን እንመርጣለን።

ሲገጥሙም በፕሮሰሰሩ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ተርማል ፔስት ማድረግ ይበቃል። ከዚያም ባዮስ በሚባለው ማዘዣ ገብቶ ማራገቢያው ሥራ ሳይበዛ በዝግታ እንዲዞር መወሰን ይገባል። የፕሮሰሰሩን የኃይል ወሰን ዝቅ ማድረግም ያለ ወጪ የሚገኝ ጸጥታ ነው፤ ሥራው ጥቂት ቢዘገይም ሙቀቱ ብዙ ይቀንሳል። በበጋ አቧራ ሲበዛ ቅጠሎቹን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማራገቢያው እንዳይዞር በጣት መያዝ ነው።

በመጨረሻ በልኩ የሆነውን፥ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ ያለውን ገዛን። ልጁም ገጥሞ፥ የኃይሉን ወሰን ዝቅ አድርጎ ሌሊቱን ሲሠራ አደረ። እናታችን ያን ሌሊት ወደ አልጋቸው ተመልሰው ነበር። ሲነጋ ልጁን፤ «ዛሬስ ሣጥንህን ሳትከፍት አደርህን?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፤ «የለም እማማ፥ ሥራዬን ጨርሻለሁ» ብሎ የሠራውን የሕንፃ ሥዕል አሳያቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አተኩረው ከተመለከቱ በኋላ፤ «ዱቄቱ ይህ ነዋ!» ብለው መረቁት።

ስለዚህ የቤት አባትና የቤት እመቤት ኮምፒውተር በሚገጠምበት ቀን ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን፥ በዚያው ክፍል ማን እንደሚተኛ አስቀድመው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።