አልፈታ ያሉት ሁለት ብሎኖች

ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ማሽን ሲጠግን የሚውል ቴክኒሻን፣ አልፈታ ያለ ብሎን ቀኑን እንዴት እንደሚበላበት ያውቃል። ቢያስገድደው ጥርሱ ይበላል፤ ቢመታው ከሥሩ ያለው ዕቃ ይሰበራል። ለአሮጌው ባቡር መለዋወጫ ሲጠፋ ራሳቸው እየቀረጹ ያስነሱት የነበሩት የሸሚንደፈር ጋራዥ ባለሙያዎችም ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም። ስለ ጠፈር ጉዞ ሲወራ መፍቻ የሚያነሳ የለም፤ እኔ ግን ከመፍቻው ልጀምር፤ ከጠፈር የመጣ ጭነትም በብሎን ተይዟልና።

ቤኑ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፋት ያላት፣ ፀሐይን ስትዞር ወደ ምድር የምትቀርብ አስትሮይድ ናት። አስትሮይዶች ፕላኔቶች ከተሠሩበት ድንጋይ የተረፉ ፍርካሾች ናቸው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦሳይረስ ሬክስ የተባለች መንኮራኩር ወደ ቤኑ ላከ። በኦክቶበር 2020 መንኮራኩሯ ክንዷን ዘርግታ ለጥቂት ሰከንድ ነካቻት፤ የናይትሮጅን ጋዝ ነፋች፤ ቦነን ያለውን አፈርና ጠጠር የመኪና አየር ፊልትሮ በሚመስል ክብ ዕቃ ያዘች። ክንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ሰመጠ። ቤኑ እንደ አለት የጠነከረች ሳትሆን በደካማ ስበት ላላ ብላ የተያያዘች የድንጋይ ክምር ኖራለች።

ጭነቱ በሴፕቴምበር 2023 ዩታ በረሃ ላይ በፓራሹት ወረደ። ሂዩስተን ባለው የናሳ ማዕከል ዕቃውን ከዘጉት 35 ብሎኖች 33ቱ ተፈቱ፤ ሁለቱ እምቢ አሉ። ጋራዥ ቢሆን ዘይት ይርከፈከፋል፣ በእሳት ይሞቃል፣ ካልሆነም ይቆረጣል። እዚያ ግን ናሙናው ያለው ናይትሮጅን በተሞላ የታሸገ ሳጥን ውስጥ ነው፤ እጅ የሚገባውም ከሳጥኑ ጋር በተገጠመ ጓንት ብቻ። አንዲት የዘይት ጠብታ ብትገባ ከሰማይ የመጣውን ከምድር ከመጣው መለየት ያስቸግራል። መሐንዲሶቹ ማግኔት ከማይስበው የቀዶ ሕክምና ብረት አዲስ መሣሪያ ሠሩ፤ ሌላ ዕቃ ላይ ተለማመዱበት፤ በጃንዋሪ 2024 ሁለቱም ብሎኖች ተፈቱ። በጠቅላላ የተገኘው 121.6 ግራም ነው፤ የሩብ ኪሎ ቡና ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ለዚህች ጠጠር ይህ ሁሉ ድካም? ይገባታል ባይ ነኝ። በጃንዋሪ 2025 ይፋ በሆኑት ጥናቶች መሠረት፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ፕሮቲን ከሚሠሩባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ ተገኝተውባታል። ለእኛ አካባቢ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጨው ነው። ጨዋማ ውሃ ቀስ በቀስ ሲተን የሚተዋቸው ማዕድናት በናሙናው ውስጥ ታይተዋል። አንዱ ሃላይት ነው፤ አፋር ላይ በአሞሌ እየተቆረጠ ግመል የሚጫነው ጨው ራሱ። ቤኑ የተገነጠለችበት ትልቅ አካል በአንድ ወቅት በውስጡ ውሃ ነበረው ማለት ነው።

የእኛን ስም የያዘች አስትሮይድም አለች። ሐዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 በተገኘችው ቅሪተ አካል የተሰየመችው የናሳ መንኮራኩር ሉሲ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 2023 ድንቅነሽ በተባለች አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። ወደዚያ ጎራ ያለችው ከጁፒተር ጋር በአንድ ምሕዋር ፀሐይን ከሚዞሩት አስትሮይዶች ዘንድ ከመድረሷ በፊት ዒላማ የሚከታተል መሣሪያዋን ለመፈተሽ ነበር። በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ትበር ነበር፤ በዚህ ፍጥነት ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። መሣሪያው ሠራ። ፎቶዎቹ ሲመጡ ደግሞ ድንቅነሽ ጨረቃ እንዳላት ታየ፤ ጨረቃዋም የተጣበቁ ሁለት ድንጋዮች ናት። በተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ቅሪተ አካሏ በተገኘው ሕፃን ስም፣ ሰላም ተባለች።

የቤኑን አፈር ጥላልን የሄደችው መንኮራኩር አሁን አፖፊስ ወደተባለች ሌላ አስትሮይድ እየተጓዘች ነው። አፖፊስ ዓርብ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ገደማ፣ ከምድር በ32 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ታልፋለች። ዲሾቻችን ከሚያዩአቸው የቴሌቪዥን ሳተላይቶችም ትቀርባለች። አትመታንም። በአፍሪካ ሰማይ ያለ መነጽር በዓይን ትታያለች። ያን ሌሊት ፈረቃ የሚደርሳችሁ የፓርኩ ሠራተኞች፣ ለጥቂት ደቂቃ ከሼዱ ወጣ ብላችሁ ቀና በሉ።