ሐይቅ የዋጠ ቀዳዳ

ጥልቀቱ 3 ሜትር ያህል ብቻ በሆነ ሐይቅ ውስጥ ቁመቱ 45 ሜትር የሚደርስ የብረት ማማ ሊሰጥም ይችላልን? ጥያቄው አንድ የሒሳብ መምህር ተማሪዎቹን ለማፈታተን ያቀረበው እንቆቅልሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. (ኖቬምበር 20 ቀን 1980 እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ በፔኙር ሐይቅ ላይ የሆነው ይኸው ነበር። በዚያ ማለዳ የነዳጅ ዘይት መቆፈሪያው ማማ ከነመድረኩ ከዓይን ተሰወረ። ቀኑ ከማለቁም በፊት ሐይቁ ራሱ ተከተለው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ አደጋ ከብዙ የምሕንድስና አደጋዎች በአንድ ነገር ይለያል። አንድም ሰው አልሞተበትም። ስለሆነም በሐዘን ሳይሆን በመመርመር ስሜት ልንመለከተው እንችላለን። ሐይቁ ወዴት ሄደ? እንዴትስ በዚያ ፍጥነት ሄደ? ከሁሉም በላይ፣ የሚቆፍሩት ሰዎች ከበታቻቸው ምን እንዳለ አያውቁም ነበርን?

ጨውና ዘይት ለምን ተጎራበቱ?

ከፔኙር ሐይቅ በታችና በዳርቻው የጀፈርሰን ደሴት የጨው ጉልላት ይገኛል። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በሆነው ዘመን፣ በጁራሲክ ዘመን፣ የዛሬው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ባሕር እየተነነ ወፍራም የጨው ንጣፍ ትቶ ነበር። በኋላም አሸዋና ጭቃ በላዩ ተከመረ። የአለት ጨው አንድ ሜትር ኩብ 2,200 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በጥልቀት የታመቀው ደለል ግን ከዚህ ይከብዳል። ጨው ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ለረጅም ዘመን ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይለጠጣል። በመሆኑም ቀላሉ ጨው ከባዱን ደለል እየሰነጠቀ በዝግታ ወደ ላይ ወጣ፤ ጉልላትም ሠራ።

ጨው ፈሳሽና ጋዝ አያሳልፍም። ስለዚህ በደለሉ ውስጥ ወደ ላይ የሚጓዘው ነዳጅ ዘይት ከጉልላቱ ጎን ሲደርስ ይታገድና በዚያው ይጠራቀማል። ነዳጅ ፈላጊዎች ወደ ጨው ጉልላቶች የሚሳቡት በዚህ ምክንያት ነው። ያው ጉልላት ግን ለጨው አምራቾችም ሀብት ነው። በጀፈርሰን ደሴት የዳይመንድ ክሪስታል ኩባንያ ሠራተኞች ከ400 ሜትር ግድም ጥልቀት ጀምሮ ጨውን እየፈለጡ ያወጡ ነበር። ጣሪያው እንዳይናድም በየመካከሉ ግዙፍ የጨው ምሰሶዎችን ይተዉ ነበር። ቴክሳኮ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በበኩሉ ከሐይቁ በላይ ሆኖ የጉልላቱን ጎን ለመፈተሽ በሥራ ተቋራጭ ያስቆፍር ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ኩባንያዎች የተጎራበቱት በአጋጣሚ አይደለም፤ ያገናኛቸው የምድሩ አሠራር ነው።

የዚያ ማለዳ ሁኔታ

ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ 36 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሰርሰሪያ ከ370 ሜትር በላይ ወርዶ ሳለ ተያዘ። ሠራተኞቹ ሊያላቅቁት ሲታገሉ እንግዳ ድምፅ ተሰማ፤ መድረኩም ማዘንበል ጀመረ። ምክንያቱን ባያውቁም መሸሽ እንዳለባቸው ተረዱ። መድረኩን ትተው ወደ ዳር ወጡ። ጥቂት ቆይቶም ማማው በዚያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጠፋ። በሥፍራው ውኃው መሽከርከር ጀመረ፤ አዙሪቱም እየሰፋ ሄደ።

ከመሬት በታች ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጭቃ የተቀላቀለበት ውኃ የነዳጅ በርሜሎችን እየገፋ ሲመጣ ተመለከተ፤ ወዲያውኑም የአደጋ ምልክት እንዲሰጥ አደረገ። በማዕድን ማውጫው 50 ያህል ሰዎች ነበሩ። መውጫው ጥቂት ሰዎችን ብቻ በየተራ የሚያነሣ አሳንሰር ነበር። ሆኖም ሠራተኞቹ በአደጋ ጊዜ ስለ መውጣት አስቀድመው ተለማምደው ስለነበር ሁሉም በሕይወት ወጡ።

ትንሿ ቀዳዳ እንዴት ሰፋች?

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። ሐይቁ 13 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይዞ ነበር። በቶሪቼሊ ሕግ መሠረት ውኃ ከ370 ሜትር ከፍታ ያለ አንዳች ሰበቃ ቢወርድ ፍጥነቱ የ2 × 9.8 × 370 ስኩዌር ሩት ነው፤ ይኸውም በሴኮንድ 85 ሜትር ያህል ይሆናል። የቀዳዳዋ ስፋት 0.1 ካሬ ሜትር ስለሆነ በሴኮንድ ከ9 ሜትር ኩብ ያነሰ ውኃ ታሳልፋለች። በዚህ መጠን ሐይቁ ተሟጥጦ እስኪያልቅ 17 ቀናት ይፈጃል። ሰበቃውን ብንጨምርበት ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ሐይቁ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆየም። ስለዚህ ቀዳዳዋ መሰርሰሪያው የተዋት ቀዳዳ ሆና አልቀረችም ማለት ነው።

ምሥጢሩ በሁለት ነገሮች ላይ ያርፋል። አንደኛ፣ ከጨው በላይ ያለው ልል ደለል በኃይለኛው ፍሰት እየታጠበ ወረደ። ሁለተኛ፣ የሐይቁ ውኃ ጨው አልባ ነበር። አሞሌ ጨው ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን የምናውቀው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ እስከ 360 ኪሎ ግራም ጨው ማሟሟት ይችላል። በሌላ አነጋገር 6 ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ሜትር ኩብ የአለት ጨው ለማጥፋት ይበቃል። የሐይቁ ውኃ በሙሉ እስኪጠግብ ድረስ ቢያሟሟ ከ2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ጨው ሊበላ ይችል ነበር።

እዚህ ላይ አዙሪቱ ይጀምራል። ውኃው ቀዳዳዋን ያሰፋል፤ የሰፋችው ቀዳዳ ተጨማሪ ውኃ ታስገባለች፤ ተጨማሪው ውኃ ይበልጥ ያሰፋታል። ወርዷ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ስፋቷ አራት እጥፍ ይሆናል። ጣሪያውን የተሸከሙት ምሰሶዎችም የተሠሩት ከዚያው ከሚሟሟው ጨው ነበር። እንዲህ ያለው ራሱን በራሱ የሚያጎለብት ሂደት አንዴ ከተጀመረ የሰው ኃይል አያቆመውም።

ወደ ኋላ የፈሰሰው ቦይ

አዙሪቱ 11 ጭነት ማመላለሻ ጀልባዎችንና 26 ሄክታር ያህል የዳርቻ መሬት ከነዛፎቹ ዋጠ። ሐይቁን ከቨርሚሊየን ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚያገናኘው የደልካምበር ቦይ ዘወትር ከሐይቁ ወደ ባሕር ይፈስስ ነበር። ሐይቁ ሲጎድል ግን አቅጣጫውን ለወጠና ጨዋማውን የባሕር ውኃ ወደ ውስጥ አመጣ። ባዶ በቀረው ጉድጓድ ላይም ወደ 50 ሜትር የሚጠጋ ፏፏቴ ለጥቂት ጊዜ ታየ። በማዕድን ማውጫው ውስጥ የታመቀው አየር ደግሞ በመውጫዎቹ በኩል ውኃ እየረጨ እስከ 120 ሜትር ከፍታ ፈነዳ። ጉድጓዱ ሞልቶ ግፊቱ ሲስተካከል ከተዋጡት ጀልባዎች 9ኙ ተመልሰው ተንሳፈፉ።

ሐይቁ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን የቀድሞው ሐይቅ አልነበረም። ጨው አልባ የነበረው ጨዋማ ሆነ። 3 ሜትር የነበረው ጥልቀቱም በአንዳንድ ሥፍራ 60 ሜትር ደረሰ። በውስጡ ይኖሩ የነበሩት ዓሦችና ዕፅዋት ለሌሎች ዝርያዎች ቦታቸውን ለቀቁ። ቴክሳኮና ተቋራጩ ለጨው ኩባንያው 32 ሚሊዮን ዶላር፣ በዳርቻው ለነበረው የአትክልት ሥፍራ ደግሞ 12.8 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈሉ። የማዕድን ማውጫውም በ1986 እ.ኤ.አ. ተዘጋ።

ስሕተቱ የት ነበር?

የጨው ማውጫው መኖር ምሥጢር አልነበረም። የጎደለው የትክክለኛው ቦታ ዕውቀት ነው። በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ማብራሪያ እንደሚለው፣ በአንድ የካርታ ፕሮጀክሽን የተሰላ ኮኦርዲኔት በሌላ ፕሮጀክሽን እንደተሰላ ተደርጎ ተነበበ። ሆኖም ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ የማዕድን ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ጥፋተኛውን ለይቶ መናገር አልቻለም። ቁፋሮው ከታሰበለት ቦታ ውጭ ነበር? ወይስ የማዕድን ማውጫው ካርታ ትክክል አልነበረም? ሊመሰክር የሚችለው ማስረጃ ከማማው ጋር ሰጥሟል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከሀገራችን 1 ለ50,000 ካርታዎች ብዙዎቹ የተዘጋጁት አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መነሻ ነው። የጂ ፒ ኤስ መሣሪያ ግን በተለምዶ የሚሰጠን ንባብ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለው ሌላ መነሻ የተሰላ ነው። የአንድ ቦታ ሁለት ንባቦች በሜትር መረብ ላይ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው፤ አንዱን በሌላው ካርታ ላይ ያሳረፈ ሰው ግን ይሳሳታል። ለመንገደኛ 200 ሜትር ምንም ላይሆን ይችላል። የውኃ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ወይም የተቀበረ መስመር ለሚፈልግ ባለሙያ ግን ወሳኝ ነው።

ስለዚህ በመስክ ሥራ ላይ ኮኦርዲኔት ስትመዘግቡ ፕሮጀክሽኑንና የመለኪያ መነሻውንም ከጎኑ ጻፉ። ሌላ ሰው የሰጣችሁን ቁጥር ከመጠቀማችሁ በፊትም በምን መነሻ እንደተለካ ጠይቁ። መለኪያው ያልተገለጸ ክብደት ኪሎ ይሁን ፈረሱላ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ መነሻው ያልተገለጸ ኮኦርዲኔትም ቦታ አያመለክትም። በፔኙር ሐይቅ ሰዎቹን ያዳናቸው አስቀድመው የተለማመዱት የመውጫ ሥርዓት ነው። ለሐይቁ ግን እንዲህ ያለ ዝግጅት አልተደረገለትም ነበር። ሊያድነው ይችል የነበረው፣ መሰርሰሪያው ውኃውን ከመንካቱ በፊት ሁለቱ ካርታዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ቢነጻጸሩ ነበር።