ሥር የሰደደ ሽፍታና የደም ምርመራ፦ ተረትና እውነታ

ሳማ የነካው ቆዳ ወዲያው ይቀላል፣ ጉብ ጉብ ይላል፣ ያሳክካል፤ ሳማ ሳይነካው እንዲህ የሚሆን ቆዳ ያለው ሰው ሕመም በሕክምና ቋንቋ ኡርቲካሪያ የሚባል ሲሆን፣ ስሙም የተወሰደው ሳማን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ነው። ሽፍታው እየተመላለሰ ከ6 ሳምንት በላይ ሲቆይ ሥር የሰደደ ይባላል፤ በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚይዝና ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ እንደሚበዛ ይገመታል። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ሽፍታው አልለቅ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ መልሱን የሚጠብቀው ከደሙ ነው። የደም ምርመራ በእርግጥ የሚናገረው ነገር አለ፤ ከሚናገረው በላይ ሲጠበቅበት ግን ታማሚውን ለማያስፈልግ መድኃኒት፣ ለወጪና ለስጋት ይዳርጋል።

ተረት 1፦ «ሽፍታው የሚወጣው ደም ስለቆሸሸ ነው፤ በዋግምት ሲወጣ ይለቃል።»

እውነታ፦ የሕመሙ መነሻ ቆዳ ውስጥ ያሉና ማስት ሴል የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት ሂስታሚን የተባለውን ኬሚካል ሲለቁ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ወደ ቆዳው ይሰርጋል፣ የማሳከክ ስሜትም ይቀሰቀሳል፤ የሳማ እሾህም ሂስታሚን ስላለበት የሁለቱ መመሳሰል እንዲያው የመጣ አይደለም። በብዙ ታማሚዎች ላይ ማስት ሴሎችን የሚያነሣሣው ሰውነት በራሱ ላይ የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ ተቀድቶ የሚወጣ ቆሻሻ የለም። እያንዳንዱ ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ በራሱ ስለሚጠፋ ግን፣ ማታ የተደረገ ማንኛውም ነገር ጠዋት ላይ ያዳነ ይመስላል። ሌላ ሰው ላይ በዋለ ምላጭ የሚደረግ ዋግምት ሽፍታውን ሳይፈውስ የጉበት ቫይረስንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ተረት 2፦ «ሲአርፒ ወይም ኢኤስአር ከፍ ካለ ኢንፌክሽን አለ፤ አንቲባዮቲክ ግድ ነው።»

እውነታ፦ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን፣ በአጭሩ ሲአርፒ፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት (መቆጣት) ሲኖር ጉበት በብዛት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን፣ በ1930 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሳንባ ምች በያዛቸው ሕሙማን ደም ውስጥ ተገኝቶ ታወቀ። ኢኤስአር ደግሞ በቆመ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳት በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ታች እንደሚዘቅጡ የሚለካ ምርመራ ነው፤ ከብግነት ሌላ የደም ማነስ፣ እርግዝናና የዕድሜ መግፋትም ይጨምሩታል። ሁለቱም በአዊ ኮረብታዎች ላይ ከከሰል ማክሰያ እንደሚወጣ ጭስ ናቸው፤ ጭሱ እሳት መኖሩን ይነግራል እንጂ የሚነደው እንጨት ምን እንደሆነ አይለይም። ሥር የሰደደ ኡርቲካሪያ ካለባቸው ሰዎች በሲሶው ገደማ ኢንፌክሽን ባይኖርም ሲአርፒ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ይህም ሕመሙ የበረታ መሆኑንና የተለመደው መድኃኒት ብቻውን ላይበቃ እንደሚችል የሚጠቁም እንጂ በራሱ አንቲባዮቲክ የሚያሳዝዝ አይደለም።

ተረት 3፦ «የደም ውጤቱ ደህና ከሆነ ሕመም የለም።»

እውነታ፦ ሲአርፒ በታማሚዎቹ ሲሶ ላይ ከፍ ይላል ማለት በሚበዙት ላይ ደህና ነው ማለት ነው። ኡርቲካሪያ የሚታወቀው ቆዳውን በማየትና የሕመሙን ታሪክ በመጠየቅ ነው፤ ታማሚው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጉብታው ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ ከብዙ የደም ምርመራ ይበልጥ ይጠቅማል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ እንደምትገኘው እንጅባራ ባሉ ብርዳማ ቦታዎች ሊታሰብ የሚገባው ብርድ የሚያስነሣው ዓይነት ደግሞ የሚመረመረው ክንድ ላይ ለ5 ደቂቃ በረዶ በማሳረፍ ነው። ይህ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው እንደ ዘንገና ሐይቅ ባለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በሙሉ አካሉ ቢገባ ራሱን እስከ መሳት ሊደርስ ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ተረት 4፦ «አይጂኢ ወይም ኢዮሲኖፊል ከበዛ ምግብ አልተስማማም ማለት ነው።»

እውነታ፦ አይጂኢ ከአለርጂ ጋር የሚያያዝ ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ ኢዮሲኖፊል ደግሞ የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት ነው። የአንጀት ትላትል በሚበዛበት አገር ሁለቱንም ከሚጨምሩት ነገሮች ዋነኛው ትል በመሆኑ፣ ከፍ ብለው ሲገኙ እንቁላልና ወተት ከመከልከል በፊት ሰገራ መመርመር ይቀድማል። በአዋቂዎች ላይ ለወራት የሚመላለስ ኡርቲካሪያ በምግብ አለርጂ ምክንያት የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው።

ተረት 5፦ «ምርመራ በበዛ ቁጥር መንስኤው ይገኛል።»

እውነታ፦ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች መመሪያ ለሁሉም ታማሚ የሚመክረው የደም ሕዋሳት ቆጠራንና ሲአርፒን ወይም ኢኤስአርን ብቻ ሲሆን፣ ስፔሻሊስት ጠቅላላ አይጂኢንና እንቅርት በሚወጣበት የአንገት ዕጢ ላይ የሚነሣ ፀረ እንግዳ አካልን ይጨምራል። አንዱ ጉብታ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካመመ፣ ሲጠፋ የበለዘ ምልክት ከተወ፣ ወይም ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም አብረው ከተመላለሱ ግን የደም ሥር ብግነት ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ያለ ሲአርፒና ኢኤስአር ይበልጥ ክብደት የሚኖራቸው ያን ጊዜ ነው፤ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር የቆዳ ሐኪም ዘንድ መድረስም ያን ጊዜ ዋጋ አለው።

የሕክምናው መሠረት እንደ ሎራታዲንና ሴትሪዚን ያሉ ብዙም የማያስተኙ ፀረ ሂስታሚኖችን ሲያሳክክ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ መውሰድ ነው፤ ካልበቃ ሐኪም መጠኑን እስከ አራት እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል። የዴክሳሜታዞን መርፌንና ፕሬድኒሶሎንን መደጋገም ግን ስኳርን፣ የደም ግፊትንና የአጥንት መሳሳትን ያስከትላል። ምላስ ወይም ጉሮሮ አብጦ መተንፈስ ከከበደ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ሽፍታ አልለቅ ያለው ሰው ደሙን ከመስጠቱ በፊት ለሐኪሙ የሚሰጠው ሌላ መረጃ አለ፦ አንዱ ጉብታ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ያሳክካል ወይስ ያማል፣ ሲጠፋ ምልክት ይተዋል ወይ፣ ብርድ ያስነሣዋል ወይ። ይህን አስተውሎ መናገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ የደም ምርመራው ቁጥርም ትርጉም የሚያገኘው ከእነዚህ መልሶች ጋር ሲነበብ ብቻ ነው።