የሕዝብ ተቃውሞና የበይነ መረብ የቅጂ መብት ሕግ፦ የ2012 እና የ2019 የአውሮፓ ተሞክሮ ንጽጽር

መግቢያ

የአውሮፓ ፓርላማ በሰባት ዓመት ልዩነት ሁለት አወዛጋቢ የቅጂ መብት ሰነዶች ቀርበውለት ነበር። ሁለቱም በበይነ መረብ ተጠቃሚዎች ላይ ጫና ያሳድራሉ በሚል ሰፊ የአደባባይ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። የመጀመሪያው በምኅጻረ ቃል “አክታ” እየተባለ የሚጠራው የሐሰተኛ ምርቶች መከላከያ የንግድ ስምምነት ነው። ፓርላማው ይህንን ስምምነት ጁላይ 4 ቀን 2012 በ478 ተቃውሞ፣ በ39 ድጋፍና በ165 ድምፀ ተአቅቦ ውድቅ አድርጎታል። ሁለተኛው በዲጂታል ነጠላ ገበያ ውስጥ የቅጂ መብትን የሚመለከተው መመሪያ ሲሆን፣ ማርች 26 ቀን 2019 በ348 ድጋፍ፣ በ274 ተቃውሞና በ36 ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የውጤቱን ልዩነት በተቃዋሚዎች ብዛት ማስረዳት አይቻልም። አክታን በመቃወም ለፓርላማው የቀረበው አቤቱታ 2.8 ሚሊዮን ያህል ፊርማ የያዘ ሲሆን፣ መመሪያውን የሚቃወመው አቤቱታ ግን ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ተሰባስቦበት ነበር። የምርጫ ሥጋትም በቂ ማብራሪያ አይሆንም፤ መመሪያው የጸደቀው የፓርላማው ምርጫ ሁለት ወር ብቻ ሲቀረው ነውና። ታዲያ ብዙ ፊርማ ያሰባሰበው ተቃውሞ ሳይሳካ፣ ከዚያ ያነሰው እንዴት ተሳካ? ይህ ጽሑፍ የልዩነቱ ዋና ምክንያት ሰነዶቹ ያለፉበት የሕግ አወጣጥ ሥርዓት መሆኑን ያስረዳል። “ተቀበል ወይም ጣል” ተብሎ የሚቀርብ ሰነድ ተቃዋሚዎችን ያስተባብራል፤ እየተሻሻለ የሚሄድ ሰነድ ግን ይከፋፍላቸዋል።

አክታ፦ ሊሻሻል የማይችል ሰነድ

የአክታ መደበኛ ድርድር የተጀመረው በ2008 ነው። ረቂቁ በይፋ ለሕዝብ የተገለጸው ግን በኤፕሪል 2010 ነበር። ከዚያ በፊት የሚታወቀው ነገር በአብዛኛው ሾልኮ ከወጣ ሰነድ የተገኘ ነው። በዚህም ምክንያት ክርክሩ ከይዘቱ አስቀድሞ በአሠራሩ ላይ ተጀመረ፤ ፓርላማውም ገና በማርች 2010 ድርድሩ ግልጽ እንዲሆን በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ ጠይቆ ነበር።

በይዘት ረገድ ዋናው የውዝግብ ነጥብ የዲጂታል ዘርፉን የሚመለከተው አንቀጽ 27 ነበር። አንቀጹ የመብት ጥሰትን ለመከላከል የንግድ ድርጅቶች እርስ በርስ እንዲተባበሩ መንግሥታት ያበረታቱ ዘንድ ይደነግጋል። የአገልግሎት አቅራቢዎች የደንበኞቻቸውን ማንነት እንዲገልጹ የሚያስገድድ ትእዛዝ ሊሰጥ እንደሚችልም ያመለክታል። ተቺዎች ይህ ድንጋጌ ፍርድ ቤት ሊወስነው የሚገባውን ጉዳይ ለግል ኩባንያዎች አሳልፎ ይሰጣል ብለው ሠጉ። ስምምነቱ ሐሰተኛ ሸቀጦችንም የሚመለከት በመሆኑ፣ እንደ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ያሉ ድርጅቶች በርካሽ የሚቀርቡ መድኃኒቶች ዝውውር ሊስተጓጎል ይችላል ሲሉ ተቃውሞውን ተቀላቀሉ። ስለሆነም የግል ሕይወት ተሟጋቾች፣ የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ የጤና ድርጅቶችና ወጣት ተጠቃሚዎች የየራሳቸውን ምክንያት ይዘው በአንድ ጎራ ተሰለፉ።

ጃንዋሪ 26 ቀን 2012 የአውሮፓ ኅብረትና 22 አባል አገራት ስምምነቱን በቶኪዮ ፈረሙ። በዚያው ዕለት በፓርላማው ጉዳዩን እንዲያጠኑ የተመደቡት ካዴር አሪፍ ሂደቱን በጽኑ ተችተው ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። ተቃውሞው በተለይ በፖላንድ ከተሞች በርትቶ ስለነበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዶናልድ ቱስክ ፌብሩዋሪ 3 ቀን የማጽደቁን ሂደት እንዳገዱ አስታወቁ። ፌብሩዋሪ 11 ቀን ደግሞ በበርካታ የአውሮፓ ከተሞች በአንድ ጊዜ ሰላማዊ ሰልፍ ተካሄደ።

እዚህ ላይ የሥርዓቱ ሚና በግልጽ ይታያል። በሊዝበን ውል መሠረት ፓርላማው ዓለም አቀፍ ስምምነትን የማጽደቅ ወይም የመጣል ሥልጣን እንጂ አንቀጾቹን የማሻሻል ሥልጣን የለውም። በተጨማሪም አክታ የወንጀል ድንጋጌዎችን የያዘ በመሆኑ የኅብረቱ ይሁንታ ብቻ አልበቃውም፤ አባል አገራት እያንዳንዳቸው እንዲያጸድቁት ያስፈልግ ነበር። ይህ አሠራር ተቃዋሚዎች የሚያንኳኩትን በር አበዛላቸው፤ በዋርሶ ወይም በፕራግ የተገኘ ድል ብራስልስ ላይ ጫና መሆኑ አልቀረም። አንድ አንቀጽ ብቻ ያላስደሰተው የፓርላማ አባልም ቢሆን የሚሰጠው ድምፅ በጠቅላላው ሰነድ ላይ ነበር። ስለዚህ ጥቃቅን ቅሬታዎች ሁሉ ተደምረው ወደ አንድ “አይሆንም” አመሩ።

የ2019 መመሪያ፦ እየተሻሻለ የተጓዘ ሰነድ

መመሪያውን የአውሮፓ ኮሚሽን ያቀረበው በሴፕቴምበር 2016 ነው። ክርክር ያስነሣው በረቂቁ አንቀጽ 13፣ በመጨረሻው ጽሑፍ ደግሞ አንቀጽ 17 የሆነው ድንጋጌ ነበር። በዚህ ድንጋጌ መሠረት ተጠቃሚዎች የሚጭኗቸውን ሥራዎች ለሕዝብ የሚያቀርቡ ትላልቅ መድረኮች በቀጥታ ተጠያቂ ይሆናሉ። ፈቃድ ካላገኙ፣ ፈቃድ ለማግኘትና የተጠቆሙ ሥራዎች እንዳይታዩ ለማድረግ የተቻላቸውን ሁሉ ጥረት ማድረጋቸውን ማስረዳት አለባቸው። በየደቂቃው እጅግ ብዙ ቪዲዮ በሚጫንበት መድረክ ይህን ግዴታ ያለ አውቶማቲክ ማጣሪያ መወጣት አዳጋች ነው። ማጣሪያ ደግሞ አንድ የዘፈን ክፍል መኖሩን ይለያል እንጂ፣ የተወሰደው ለስርቆት ይሁን ለትችት ወይም ለሽሙጥ አይለይም። የተቃዋሚዎቹ ዋና መከራከሪያ ይኸው ነበር።

ፓርላማው ጁላይ 5 ቀን 2018 ድርድር ለመጀመር የቀረበውን ጽሑፍ በ318 ተቃውሞ በ278 ድጋፍ ወደ ኋላ መለሰው። በአክታ ጉዳይ እንዲህ ያለው ድምፅ የነገሩ ፍጻሜ በሆነ ነበር። እዚህ ግን የማሻሻያ ምዕራፍ ከፈተ። በመጨረሻው ጽሑፍ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀቶች፣ የትምህርትና የሳይንስ ሥራ ማከማቻዎች እንዲሁም የክፍት ሶፍትዌር መድረኮች ከድንጋጌው ውጪ ሆኑ። ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ዕድሜና ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በታች ዓመታዊ ገቢ ላላቸው አዳዲስ ድርጅቶች ቀለል ያለ ግዴታ ተደነገገላቸው። ጥቅስን፣ ትችትንና ሽሙጥን የሚጠብቅ ንዑስ አንቀጽም ተካተተ።

እያንዳንዱ ማሻሻያ ከተቃዋሚው ጎራ የአንዱን ወገን ሥጋት ቀነሰ፤ የሚያመነታ የፓርላማ አባልም “ቅሬታው ተሰምቷል” የሚልበት ምክንያት አገኘ። በአንጻሩ ሙዚቀኞችና የጋዜጣ አሳታሚዎች መመሪያውን ደግፈው ቆሙ፤ ፖል ማካርትኒን የመሰለ ስመ ጥር ሙዚቀኛ ለፓርላማው አባላት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈ። በ2012 ተጠቃሚውን ከመንግሥታት ጋር ያፋጠጠ የሚመስለው ክርክር፣ በ2019 የጥበብ ባለሙያውን ከግዙፍ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጋር የሚያፋልም ሆኖ ቀረበ።

ይህ ማለት ተቃውሞው ተዳከመ ማለት አይደለም። ከድንጋጌው ነጻ የተደረገው የጀርመንኛ ዊኪፔዲያ እንኳ ማርች 21 ቀን 2019 ለአንድ ቀን ገጾቹን ዘግቶ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላም በጀርመን ከተሞች ታላላቅ ሰልፎች ተካሄዱ። በድምፅ መስጫው ዕለት አንቀጾቹን ለየብቻ አንሥቶ ለመወሰን የቀረበው ሐሳብ የወደቀው በ317 ተቃውሞ በ312 ድጋፍ፣ ማለትም በአምስት ድምፅ ብቻ ነው። አንዳንድ አባላት ያሰቡትን ሳይሆን ተቃራኒውን ቁልፍ እንደተጫኑ ቆይተው አስመዘገቡ። ይሁን እንጂ የምክር ቤቱ ደንብ እንዲህ ያለው እርማት በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር እንጂ ውጤት እንዲለውጥ አይፈቅድም።

ሽንፈቱ ትቶት ያለፈው አሻራ

የ2019ኙን ተቃውሞ ከንቱ ልፋት አድርጎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ፖላንድ አንቀጽ 17 ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይጥሳል ስትል ለአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ክስ አቀረበች። ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 26 ቀን 2022 ክሱን ውድቅ አደረገ። ነገር ግን ሕጋዊውን ይዘት ከሕገወጡ በበቂ ሁኔታ መለየት የማይችል ማጣሪያ ከዚህ ነጻነት ጋር እንደማይጣጣም በፍርዱ አሰፈረ። ለዚህ ትርጓሜ መሠረት ከሆኑት መካከል በክርክሩ ሂደት ወደ ጽሑፉ የገቡት የጥበቃ ድንጋጌዎች ይገኙበታል።

ሰልፉ በበረታባት በጀርመን ደግሞ ከኦገስት 2021 ጀምሮ የጸና የማስፈጸሚያ ሕግ ወጥቷል። ሕጉ እስከ 15 ሰከንድ የሚደርስ የድምፅ ወይም የቪዲዮ ቅንጫቢና እስከ 160 ፊደል የሚደርስ ጽሑፍ፣ ሌሎች ሁኔታዎች ሲሟሉ፣ እንደተፈቀደ አጠቃቀም ተገምቶ ወዲያው እንዳይታገድ ያደርጋል። በአደባባይ የተነሣው ጥያቄ በዚህ መልኩ በሰከንድና በፊደል ተለክቶ ወደ ሕግ ገባ።

ማጠቃለያ

ከንጽጽሩ ሁለት ነጥቦች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ የሕዝብ ተቃውሞን ኃይል በሰልፈኛና በፊርማ ቁጥር ብቻ የሚለካ ጥናት የተቃውሞውን ሜዳ ይዘነጋል። ምክር ቤቱ ሰነዱን ማሻሻል ይችላል ወይስ መጣል ብቻ? ስንትስ የማጽደቂያ ደጃፎች አሉ? እነዚህ ጥያቄዎች አስቀድመው ሊመለሱ ይገባል። ሁለተኛ፣ ማሸነፍና መሸነፍ በአንድ ቀን ድምፅ አይወሰኑም። አክታ ሙሉ በሙሉ ስለተጣለ በኅብረቱ ሕግ ውስጥ የቀረ ቃል የለውም፤ በመመሪያው ላይ የተሸነፈው ተቃውሞ ግን በሕጉ ቃላት፣ በፍርድ ቤቱ ትርጓሜና በአባል አገራት የማስፈጸሚያ ሕጎች ውስጥ ተሠራጭቶ ይገኛል። የዚህ ዓይነቱን ውጤት መጠን ለማወቅ መመሪያው በ27ቱ አባል አገራት እንዴት እንደተተረጎመና እንደተፈጸመ በየአገሩ መመርመር ያስፈልጋል።