የልጆች ጥርስ በማን ልክ ይለካ?

ዓርብ ረፋድ የኔታንያ ገበያ ሰው በሰው ላይ ነው። ጤፍና በርበሬ ሊገዙ የወጡ እናቶች ቆም ብለው ሲጫወቱ የልጆች ወጪ ከተነሳ “ይሹር ሺናይም” አይቀርም፤ ጥርስ ማስተካከያው ማለት ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሸቀል ይጠይቃል። “ጥርሱ ወደ ፊት ወጥቷል” የተባለ ልጅ ሁሉ ግን መታረም አለበት ወይ?

አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዋርድ አንግል በ1899 የጥርስ አገጣጠምን የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በታችኛው ላይ በሚያርፍበት ሁኔታ በሦስት ከፈለ። ይህ ክፍፍል ዛሬም ይሠራበታል። ኋላ የመጡት የራጅ መለኪያዎች ግን በአብዛኛው የተወሰዱት ከነጮች ፊት ነው። የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ብዙ ሰዎች የላይና የታች የፊት ጥርሶች ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላሉ፣ ከንፈርም ሞላ ይላል፤ ይህ በሽታ አይደለም። በምሥራቅ እስያ ደግሞ የታችኛው መንጋጋ ቀድሞ መውጣቱ በብዛት ይታያል። የኛዋ ፍንጭትስ? አገር ቤት የቁንጅና ምልክት ናት፣ እዚህ ክሊኒክ ስትገባ የሚዘጋ ክፍተት ትሆናለች። ልጁ በደንብ ካኘከ፣ ከንፈሩም ሳይጨነቅ ከገጠመ፣ ወላጅ “ይህ ለጤና ነው ወይስ ለመልክ?” ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ዝም የማይባለው ሌላ ነው፦ ግግ። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፣ ክራንቻው ሊወጣበት ያበጠው ድድ ላይ “ትል አለ” ተብሎ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ተፈልፍሎ ይወጣል። ተቅማጡን ያመጣው ጥርሱ አልነበረም። ችግሩ፣ ከሥሩ ቋሚው ክራንቻ ገና እየተሠራ ነው። መሣሪያው እሱንም ከነካው ወይ ጨርሶ አይበቅልም፣ ወይ ተበላሽቶ ይወጣል፤ ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ይሸሻሉ፣ የጥርሱ መሐል መስመርም ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ በመጡ ልጆች አፍ ውስጥ ይህንኑ አይተው ጽፈውበታል። ታሪኩን የማያውቅ ሐኪም ጥርሱ በተፈጥሮ የጎደለ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ሳያፍር ይንገረው፤ ድሮ የተደረገው በክፋት አልነበረም፣ ልጅ ለማዳን ነበር።

የልጆች መደበኛ የጥርስ ሕክምና ከ2010 ጀምሮ በኩፓት ሆሊም በኩል ደረጃ በደረጃ ተሰጥቶ በ2019 እስከ 18 ዓመት ደርሷል። ይሹር ሺናይም ግን በመሠረቱ እዚህ ውስጥ የለም፤ ተጨማሪ መድን ያለው ቅናሽ ካለ ይጠይቅ። የታችኛው ቋሚ ክራንቻ የሚወጣው በ9 እና በ11 ዓመት መካከል ነው። ከዚያ በፊት፣ ሰባት ዓመት ገደማ አንድ ራጅ ቢነሳ ጥርሱ መኖሩ ይታወቃል፤ ከሌለም ቦታው ሳይዘጋ ሐኪሙ መላ ይፈልግለታል።