«ብርድ መትቶኝ ነው» የምንለው የእጅ ሕመም

ሹሩባ የምትሠራ ሴት በበዓል ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ትቆማለች። ጣቶቿ ጸጉር ይከፍላሉ፣ ይጎነጉናሉ፣ ያጠብቃሉ፤ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትቀመጣለች። ማታ ላይ አውራ ጣቷ ሥር ይጠዘጥዛታል። ሌሊት እጇ ደንዝዞ ይቀሰቅሳታል፤ አራግፋው መልሳ ትተኛለች። ምን ሆንሽ ስትባል «ብርድ መትቶኝ ነው» ትላለች፤ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን ውጣም ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ልብስ ሰፊውም፣ ቀኑን ኮምፒውተር ላይ የሚውለው የሒሳብ ሠራተኛም ከእሷ ብዙ አይለዩም።

ጥፋቱ ግን የብርድ አይደለም፤ የድግግሞሽ ነው። ጣቶቻችንን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ዋና ዋናዎቹ ያሉት ክንዳችን ላይ ነው፤ ከጣት ጋር የሚያገናኟቸው እንደ ገመድ የጠነከሩ ጅማቶች ናቸው። በእጅ አንጓ ላይ፣ በመዳፍ በኩል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። አንጓው ታጥፎ ሲውል መተላለፊያው ይጨናነቃል፣ ነርቩም ይጫናል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ የሚደነዝዙት ለዚህ ነው። ትንሿ ጣት የምትተርፈው በሌላ ነርቭ ስለምትሠራ ነው። ጅማት ደግሞ እንደ ጡንቻ ብዙ ደም አያገኝምና የሚጠገነው ቀስ ብሎ ነው። ቀን የሚደርስበት ጉዳት ሌሊት ከሚጠገነው ሲበልጥ ሕመሙ ቤቱን ይሠራል።

ይህን ሕመም ያመጣው ኮምፒውተር አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1713 ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ ስለ ጸሐፊዎች እጅ ጽፏል። አንድ የሚያውቀው ውል ጸሐፊ ቀኝ እጁ እየደከመ ሄዶ ጨርሶ አልታዘዝ አለው። ሰውየው በግራው መጻፍ ተለማመደ፤ ብዙም ሳይቆይ ግራውም በዚያው ሕመም ተያዘ። እጁ ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም ነበር።

ክኒኑም እንደዚያው ነው። ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያስታግሳል፤ ያሳመመውን ሥራ ግን አይነካም። እንዲያውም ሕመሙ ሲጠፋ ሰው የታመመውን ጅማት የባሰ ያሠራዋል። ለወራት በቆየ የጅማት ሕመም ውስጥ ደግሞ ዋናው ችግር ብዙ ጊዜ የጅማቱ ክሮች መዳከም ነው፤ ይህን ክኒን አይመልሰውም። ዲክሎፌናክ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም።

እንግዲህ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ሥራው ነው። ሹሩባ የምትሠራዋ ደንበኛዋን ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ብታስቀምጥ ክንዷን ሽቅብ አንጠልጥላ አትውልም፤ ክርኗ ወደ ጎኗ ይጠጋል፣ አንጓዋም ቀጥ ይላል። የማበጠሪያው እጀታ ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ይጠቅለልበት፤ ቀጭን ነገር መጨበጥ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ለግማሽ ደቂቃ እጅን ማውረድና ጣትን ማፍታታት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እሱን ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሥራም አያስፈታም። ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ደግሞ ክርን በጠረጴዛው ከፍታ፣ አንጓ ሳይታጠፍ፣ ማውዝ ቅርብ።

ለሚደነዝዝ እጅ ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ለጥቂት ሳምንታት ማሰር ብዙዎችን ይረዳል። ስንተኛ ሳናውቀው እጃችንን እናጥፋለንና። ማሰሪያው እንዳይጠብቅ።

ሕመሙ በክርን ውጫዊ ጎን ከሆነ ጅማቱን ማጠንከር ያስፈልጋል። ክንድ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ መዳፍ ወደ ታች ሆኖ እጅ ከጠርዙ ይውጣ። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ጨብጦ፣ በሌላው እጅ እያገዙ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ብቻውን በዝግታ ማውረድ። ሲሠሩ ትንሽ ቢያም፣ በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ ደህና ነው፤ ከባሰ ክብደቱን መቀነስ ነው። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ 3 ወርም ሊወስድ ይችላል። በሦስተኛው ቀን ተስፋ የሚቆርጡ ብዙ ናቸው፤ ያሳዝናል። እጅን ለወራት ጨርሶ አለማሠራትም አይበጅም፤ ሥራ የፈታ ጅማት ይደክማል።

ወጌሻ ቀስ ብሎ ቢያሽ ሕመሙን ሊያቀልል ይችላል፤ የደነዘዘ እጅ ግን አይጎተት፣ አይጠምዘዝ። ድንዛዜው ቀንም ሌሊትም ካልለቀቀ፣ ዕቃ ከእጅ ከወደቀ፣ አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ፣ ወይም አንጓው ቀልቶ፣ አብጦ ትኩሳት ካለ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና እርግዝናም እጅን ያደነዝዛሉና እነዚህ ያሉባት ለሐኪሟ ትንገር።

ለመጪው በዓል ሹሩባ ልትሠሪ ስትቀመጪ፣ ሠሪዋ እጇን አውርዳ ጣቷን ስታፍታታ ካየሽ አታጣድፊያት።