በርችት ሌሊት ካሜራው ወዴት ይዙር?

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በደረሰ ቁጥር ስልኬ በርችት ፎቶ ይሞላል። ዘመድ ይልካል፣ ጎረቤት ይልካል፣ አብረውኝ የሠሩ ነርሶች ይልካሉ። አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ጥቁር ሰማይ፣ መሐሉ ላይ የነጣ ነገር፣ ከሥሩ ስልክ ወደ ላይ የዘረጉ እጆች። ሳምንት ሳይሞላው የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የ6 ዓመት የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። እናቱ ዱባይ ትሠራለች። በፈረንጆች ዘመን መለወጫ በ828 ሜትሩ ቡርጅ ኸሊፋ ላይ የሚተኮሰውን ርችት ዓለም በቴሌቪዥን ያየዋል። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም እኛ ቤት ገና ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን እነሱ ዘመን ይለውጣሉ። ለዚህች ልጅ ከአዲስ አበባ የርችት ፎቶ ብልክላት ምን ያደርግላታል? አንድ ቀን በስልክ ስናወራ «እማዬ፣ ሰማዩማ እዚህም ሞልቷል። እሱ ሲያየው ምን እንደሚመስል ላኪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ርችት ሲተኮስ የምቆመው ጀርባዬን ለርችቱ ሰጥቼ ነው።

እንዲያም ሆኖ ሰማዩን ማንሳት የምትወዱ ስላላችሁ ከእሱ ልጀምር። ፍላሹን አጥፉት። የስልክ ፍላሽ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ነው፣ ትልልቆቹ ርችቶች የሚፈነዱት ደግሞ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ነው። ብርሃኑ የሚያርፈው ፊት ለፊታችሁ በቆመው ሰውዬ ማጅራት ላይ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሌንሱን ጥረጉ። ቀኑን ሙሉ ዶሮ ስትገነጥልና ቅቤ ስታነጥር የዋለች እጅ የነካችው ሌንስ ብርሃኑን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፤ የቀሚስ ጫፍም ቢሆን አልቆጣም።

ከዚያ የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ ስክሪኑ ላይ እዚያው ቦታ ጣታችሁን ተጭናችሁ አቆዩት። ብዙዎቹ ስልኮች ፎከሱን ይቆልፉና አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ያወጣሉ። ምልክቷን ወደ ታች ስትጎትቷት ምስሉ ይጨልማል። አትደንግጡ፣ የሚፈለገው እሱ ነው። ብርሃን ሲበዛ ቀለሙ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያ ሁሉ ቀለም እኮ ከማዕድን የሚመጣ ነው፤ ቀዩ ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ከባሪየም፣ ሰማያዊው ከመዳብ፣ ቢጫው ከሶዲየም። ሶዲየም በወጥ ጨው ውስጥም ያለ ነው ብዬ ለልጅ ልጄ ስነግረው ጨው ከሰማይ እንደሚረጭ አድርጎ ስለተረዳው አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ማየት ጀምሯል።

«ፕሮ» የሚል ምርጫ ያለው ስልክ ከሆነ አይኤስኦውን 100 ላይ፣ ሻተሩን ከግማሽ እስከ 2 ሰከንድ ባለው ውስጥ አድርጉት፤ ርችቱ እንደ አበባ እየተዘረጋ የሄደበት መስመር ሁሉ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ግን ስልኩ ቅንጣት መንቀሳቀስ የለበትም። ትራይፖድ ለሌለን የመስኮት ደፍና አንድ ጡብ ይሠራሉ። ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ሰክታችሁ የድምፅ መጨመሪያዋን ተጫኑ፤ በብዙ ስልኮች ላይ ፎቶ ታነሳለች፣ ስልኩም አይነካም። ናይት ሞድ የሚባለውን ለዚህ ሥራ አጥፉት። እሱ ጨለማውን ለማድመቅ ስለሚታገል ጭሱን ሁሉ ቡናማ ደመና አድርጎ ያሳያችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ሩቅ ሆኖ «ጧ» ሲል የሚጫን ሰው የሚያነሳው ያለፈውን ነው። ከመሬት ተነስታ ሽቅብ የምትወጣዋን ጭራ ስታዩ ተጫኑ። ጭስ ሰማዩን ከመሸፈኑ በፊት ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ነፋሱም ከጀርባችሁ ቢሆን ይመረጣል። ስለ ሰማዩ ይኸው ነው።

በ2000 ዓ.ም. ዋዜማ፣ ሚሊኒየሙን ስንቀበል፣ እኔ ማዋለጃ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ርችቱን ያየሁት በዎርዱ መስኮት ነው። ከወለደች ጥቂት ሰዓት የሆናት ልጅ እግር እናት ተው ብንላትም ተነስታ አራስ ልጇን አቅፋ መስኮቱ ጋ መጣች። በየፍንዳታው ፊቷ አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል፤ እሷ ግን ሰማዩን ሳይሆን በዚያ ብርሃን የልጇን ፊት ነበር የምታየው። ርችቱ ምን ይመስል እንደነበር ብትጠይቁኝ አላስታውስም። የእሷን ፊት ግን ዛሬም መሳል እችላለሁ።

ፊት ለማንሳት ልጁ ወደ ርችቱ ይዞር፣ እናንተ ከፊቱ ትንሽ ወደ ጎን ሁኑ። ዓይናችሁ ከዓይኑ እኩል መሆን አለበት። የእኔ ጉልበት ስለማይፈቅድ ዱካ ይዤ ነው የምወጣው። አጠገቡ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው ቢቆም ነጩ ጨርቅ ብርሃኑን መልሶ ፊቱ ላይ ይጥልለታል፤ ይህን ያስተማረኝ የለም፣ ከብዙ ፎቶ መሐል እያየሁ የደረስኩበት ነው። ርችቱ የሚያበራው ለአንድ አፍታ ስለሆነ አንድ ፎቶ ብቻ አትጠብቁ፣ ደጋግማችሁ አንሱ። «ወዲህ እይ፣ ሳቅ» አትበሉት። ጆሮውን በሁለት እጁ የደፈነ፣ አፉን የከፈተ ልጅ ከሚስቀው ይበልጣል። ከፈራና ካለቀሰ ግን ስልኩን ኪስ ከቶ ማቀፍ ነው።

ሠፈር ውስጥ የሚለኮሰው ችቦ ደግሞ ለፊት ከርችቱም የተሻለ ብርሃን አለው፤ ቢጫና የማይቸኩል ነው። ችቦውን አዋቂ ይያዝ፣ ልጁ ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ።

እዚህ ላይ ነርስነቴ ይመጣል። በእኛ ቤት ስልክ የያዘ ሰው ልጅ አይጠብቅም፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ስልክ አይዝም። ፎቶ የሚያነሳ ሰው የሚያየው ስክሪኑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። በኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልጅን ሽቅብ አንስቶ ብረቱ ላይ አስደግፎ በሌላው እጁ ቪዲዮ የሚቀርጽ አባት አይቼ ከታች ሆኜ ጮኼበታለሁ። በእጅ ተይዞ የሚብለጨለጨው ርችት ለፎቶ ያምራል፤ ሙቀቱ ግን ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፣ ከጠፋ በኋላም ሽቦው ያቃጥላል። የነጠላና የሀበሻ ቀሚስ ዘርፍ ደግሞ እሳት ለመያዝ አፍታ አይፈጅበትም። ለትንንሽ ልጆች አትስጡ። ትልቁ ልጅ ሲይዝም አጠገቡ ውኃ የሞላ ባልዲ ይኑር፣ የጨረሰውንም እዚያው ይክተተው።

ቢያቃጥልስ? ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ይህን ሁሉ ቁስል ላይ ተለጥፎ ሲመጣ አጥቤአለሁ። እሱን ማጠቡ ለልጁ ሌላ ሥቃይ ነው። የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው ቀዝቃዛ የሚወርድ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ አቆዩት። በረዶ አይሁን። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ 20 ደቂቃ ረጅም ስለሆነ ሰዓት ያዙ። ሳያብጥ ቀለበቱንና አምባሩን አውልቁ፣ ሌላውን የሰውነቱን ክፍል ግን እንዳይበርደው አልብሱት። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ርችት ዓይኑን ከመታው አትሹት፣ አትጠቡት፣ አትጫኑት። ምንም ሳይነካው እንዲሄድ የወረቀት ብርጭቆ በመሰለ ነገር ከልላችሁ በቀጥታ ሐኪም ጋ ነው።

ፎቶውን ወደ ውጭ ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ የጨለማው ክፍል ይበላሻል። ፎቶ ቤት የምታሳትሙ ከሆነ ወረቀት ላይ ከስክሪኑ ጠቆር ብሎ ስለሚወጣ ትንሽ እንዲያደምቁት ንገሯቸው። ልጄ ያለፈውን ዓመት ፎቶ በ10 በ15 አሳትሜ በሰው ልኬላት አልጋዋ ራስጌ ለጥፋዋለች። የዘንድሮው ተለቅ እንዲል ጠይቃኛለች።